ይድረስ ለሰይድ

ወንድሜ ሰይድ፣

ሰላም አለይኩም። ልጆቹ አደጉ? ሁለታችንም እንዲሁ ጠፋፋን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደሴም ያው ናት፤ የጦሳ ብርድ አልቀነሰም። እናትህን ፒያሳ አግኝቻቸው በዱዓ አጥለቅልቀውኝ ሄዱ። ለአባባ ሴል እንዳያረጅ የሚያደርግ ክኒን ልትገዛ እንዳሰብክም የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ብዕር ያስነሳኝ ይኸው ነው።

እኔ የሴልን ማርጀት አልጠላውም። ሄይፍሊክና ሙርሄድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1961 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የሰው ሴል ላቦራቶሪ ውስጥ 50 ጊዜ ገደማ ተከፋፍሎ ያቆማል። አይሞትም፤ መባዛቱን ብቻ ይተዋል፤ አረጀ የሚባለው ያኔ ነው። ከካንሰር ከሚጠብቁን ነገሮች አንዱ ይኼ ነው። እስከ አፉ የተጫነ አይሱዙ ሐረጎን ሲወርድ ቶሎ እንድረስ ብለህ ፍሬኑን ታስፈታለህ?

እኔን የገረመኝ ፍሬኑን የሚቆጣጠረው ነው። ከዲኤንኤያችን ለፕሮቲን መሥሪያ የሚውለው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከቀረው ግን ብዙ አርኤንኤ፣ ማለትም የዲኤንኤ ቅጂ፣ ይቀዳል። ከ200 ፊደል በላይ የሚረዝመውንና ፕሮቲን የማይሠራውን ረጅም ኮድ አልባ አርኤንኤ ይሉታል። ድሮ ብዙዎች ትርፍ ነገር ነው ብለው ንቀውት ነበር።

ከእነዚህ አርኤንኤዎች አንሪል የሚባለውን እንይ። ፒ16 የተባለ ፕሮቲን ሴሉ እንዳይከፋፈል ይይዘዋል። አንሪል ደግሞ ፖሊኮምብ የሚባሉ ፕሮቲኖችን እየጠራ የፒ16ን ጂን ያዘጋዋል። ያኔ ሴሉ መከፋፈሉን ይቀጥላል። በፕሮስቴት ካንሰር ውስጥ አንሪል በዝቶ ተገኝቷል። ቴሎሜሬዝ የሚባል ኢንዛይምም አለልህ፤ በየክፍፍሉ የሚያጥረውን የክሮሞሶም ጫፍ መልሶ ያስረዝማል። የሚያስረዝመው በውስጡ የያዘውን ኮድ አልባ አርኤንኤ እያየ ነው። ከካንሰሮች ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ይህን ቴሎሜሬዝ ቀስቅሰው ነው ማለቂያ የሌለው መባዛት የሚያገኙት። እንግዲህ "የማያረጅ ሴል" የምትለው ማን እንደሆነ አየህልኝ?

ያም ሆኖ ሐሳብህ ከንቱ ነው አልልህም። ያረጁ ሴሎች ሳይወገዱ ሲከማቹ የሚረጩት ነገር አካባቢውን ያስቆጣል፤ ለጎረቤት የካንሰር ዕጢም ሊመቸው ይችላል። ሆትኤር የሚባለው ረጅም ኮድ አልባ አርኤንኤ በሴል ማርጀትም እጁ አለበት፣ በጡት ካንሰር መዛመትም ላይ ስሙ ይነሳል። ነገሩ እንዲህ የተጠላለፈ ነውና በአንድ ብልቃጥ ክኒን ይፈታል የሚልህን ነጋዴ አትመነው።

ለአባባ ምንም ሳትገዛ የብልቃጡን ፎቶ ላክልኝ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አያለሁ። ሐኪማቸውንም ጠይቅ። ለዒድ ትመጣለህ ወይስ ዘንድሮም ሥራ በዛብኝ ልትል ነው?

ወንድምህ፣ ከደሴ