እማዬ፣ ስለ መምጣቴ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለእህቴ ሠርግ የሚሆን ብር ልኬያለሁ። ድንኳኑ ይቆይና መጀመሪያ የግፊት መድኃኒትሽ ይገዛ።

ዝም ያልኩት ረስቼሽ አይደለም። እህቴ «እንግሊዝ ገብቶ ልቡ ደነደነ» ማለቷን ሰምቻለሁ። አልደነደነም። «ለሠርጉ ትመጣለህ አይደል?» ስትይኝ ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበር። አሁንም አላለቀም። እመጣለሁ ብዬ ልዋሽሽ አልቻልኩም።

በቀደም እሁድ የሥራ ጓደኛዬ ታይነም የምትባል መንደር ወሰደኝ። ዶርሴት የሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ውስጥ ናት፣ ከባሕሩ አትርቅም። ሰው አይኖርባትም። በፈረንጆች 1943፣ በእኛ ኅዳር 1936 ዓ.ም፣ ጦሩ ቦታውን ለታንክ ልምምድ ስለፈለገው ነዋሪው ልቀቁ ተባለ። የተሰጣቸው አንድ ወር ገደማ ነው። 225 ያህል ሰው የፈረንጅ ገና ሊደርስ ሲል ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ።

ሲወጡ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወረቀት ለጠፉ። ቤተ ክርስቲያኑንና ቤቶቻችንን በደንብ ያዙልን፣ አንድ ቀን እንመለሳለን ይላል። አልተመለሱም። የዓለም ጦርነቱ አለቀ፤ መንግሥት ግን በፈረንጆች 1948 መሬቱን በግዴታ ገዝቶ እዚያው አስቀረው።

እማዬ፣ ቤቶቹ ጣራ የላቸውም። ቤተ ክርስቲያኗ ግን አለች። የማርያም ናት። የእነሱ ነው ብዬ አላለፍኩም፣ ደጇን ተሳልሜ ገባሁ። ውስጧ አሁን የመንደሩ ሰው ታሪክ ተሰቅሎበታል። ትምህርት ቤቱም አጠገቧ ነው። ልጆቹ ኮታቸውን የሚሰቅሉበት ማንጠልጠያ ላይ ስማቸው አለ። አንድ በአንድ አነበብኩት። ከዚያ ወዲያ ሆዴ ባባ፣ ጓደኛዬን እንሂድ አልኩት።

እነዚያ ሰዎች እንመለሳለን ሲሉ ከልባቸው ነበር። ለዚህ ነው ቀን ቁረጥ ስትይኝ የምፈራው። እመጣለሁ የምልሽ ትኬቱን በእጄ ስይዝ ነው። ያን ቀን መጀመሪያ የምደውለው ላንቺ ነው።

ከሳህ የምትሉኝ የሌሊት ሥራ ስለሆነ ነው እንጂ አልታመምኩም። ብርዱንም ለምጄዋለሁ። የእህቴ ነገር ግን አንጀቴን ይበላዋል። እኔ ሳልመርቃት ከቤት ልትወጣ ነው። በእኔ ቦታ አጎቴ ይቁምላት። ጉልበትሽን ስትስም ቪዲዮ አንሡልኝ፣ አደራ።

አንቺም ሠርግ ነው ብለሽ ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ላይ እንዳትቆሚ። ጨውም ቀንሺ።

ልጅሽ