ባጃጅ ስንት ጭብጨባ ነው? የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው አንድ ሥራ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ተማሪዎቻችን፣ የቃላትን ድምፅ በፎቶና በድምፅ ቅጂ የሚያስተምር ነገር ማዘጋጀት። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል አባላት በየሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት በአንድ ላፕቶፕና በአንዲት ትንሽ ስፒከር ሲሠሩ ከረሙ።

ለምን ድምፅ? በልዩ ፍላጎት ክፍላችን ያለ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ሀ ሁን በዜማ ሳያቋርጥ ይወርደዋል። “ዳቦ በምን ይጀምራል?” ሲባል ግን ዝም ነው። የያዘው ዜማውን ነው። ቃል በጆሮ ሊቆራረስ እንደሚችል ገና አልገባውም። ይህ ሳይገባው 231ዱን ፊደል ግድግዳ ላይ ብንደረድርለት ምን ይጠቅመዋል?

መጀመሪያ ከኢንተርኔት ያወረድነው ቪዲዮ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ካርቱኑ ይዘላል። ልጆቹ ወደዱት፤ ድምፁን ግን ልብ ያለው የለም። ስለዚህ የራሳችንን ሠራን። አባላቱ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርደው ዓሣውንና አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ በስልክ አነሱ። ባጃጅ፣ ቡና፣ ዳቦ ጨመሩ። አንድ ፎቶ፣ አንድ ቃል፣ ረጋ ያለ ድምፅ፣ በቃ። ቤታቸው ሲዳምኛ ለሚናገሩ ልጆች ቃሉን ራሱን አስቀድመን አስተዋወቅን። የማያውቁትን ቃል “ቁረሱት” ማለት ልክ አይደለም። ስልኩ ደግሞ ሃያ ጊዜ ቢደግም አይሰለችም፣ ፊቱም አይጠቁርም።

ከዚያ ጭብጨባ መጣ፤ ለእያንዳንዱ የቃል ቁራሽ አንድ ጭብጨባ። ዳ-ቦ፣ ሁለት። አ-ባ-ኮ-ዳ፣ አራት። ባጃጅ ላይ አንዲት የስምንተኛ ክፍል አባላችን ሦስቴ አጨበጨበች። ያ ሀ ሁን በዜማ የሚወርደው ልጅ ሁለቴ አጨብጭቦ ቆመ። ልናርመው ነበር። ቅጂውን ደግመን ስንሰማው ትክክሉ እሱ ነው! ባ-ጃጅ። እሷ የቆጠረችው የምታውቃቸውን ሦስት ፊደላት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ሳድስ “ጅ” ግን ለብቻው አይቆምም፤ ከ“ጃ” ጋር ተጣብቆ ይወጣል። እሱ ገና ስለማያነብ ያመነው ጆሮውን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛም መልሱን ከፊደል ሳይሆን ከድምፁ መፈለግ ያዝን።

ኮዳና ቆዳ አስለፍተውናል። አባላቱ የራሳቸውን ጉሮሮ ቀርበው ቀረጹ። “ቆ” ሲባል ጉሮሮ ተዘግቶ ከፍ ይላል፤ እጅ ሲያርፍበት ይታወቃል። ልጆቹ ቪዲዮውን እያዩ የራሳቸውን ጉሮሮ ይነካሉ። ለአንዳንዶቹ ልዩነቱ የገባቸው በጆሮ ሳይሆን በጣት ነው።

ዳውን ሲንድሮም ያለባት አንዲት ልጅ ሁሌ ስፒከሩ ሥር ትቀመጥ ነበር። ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ልጆች ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ መስማት መቀነሱ የተለመደ ነው። ለእናቷ ነገርናቸውና ጆሮዋን አስመረመሩ። ወላጆች ሆይ፣ “አልገባውም” ከማለታችሁ በፊት የልጃችሁን ጆሮ አስመርምሩ።

ለከርሞ የጆሮ ማዳመጫዎች ያስፈልጉናል። በቤታችሁ ትርፍ ካለ አምጡልን።

መብራት የጠፋባቸውን ረቡዖች በእንቆቅልሽ አሳለፍናቸው። “በዳ ይጀምራል፣ ይቆረሳል” እንላለን። ግንቦት ላይ ያ ልጅ ከመቀመጫው ተነሥቶ “እንቆቅልሽ!” አለን።

“ምን አውቅልህ!”

እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ። “በኮ ይጀምራል። ውሃ አለው።”