ለጣና ጀልባዎች ትልቅ ሞተር ከመግዛት በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ጣና ሐይቅ የጀልባ ትራንስፖርት በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ ጎብኚዎችን የሚያመላልሱ ትንንሽ ጀልባዎች አዝጋሚ የሆኑት ሞተራቸው ስለሚያንስ ነው፤ መፍትሔውም ትልቅ ሞተር መግጠም ነው የሚል የባለንብረቶች አስተያየት አንብቤአለሁ። በጀልባ ሞተር ጥገና የምተዳደር እንደመሆኔ ችግሩ መኖሩን አልክድም፤ መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። ትልቅ ሞተር ውድ ነው፣ ቤንዚን ይበላል፣ ከክብደቱም የተነሳ አስቀድሞ ወደ ኋላ የሰመጠውን ጀልባ ይበልጥ ያሰምጠዋል። ከዚያ በፊት መታየት ያለበት ጀልባው ውኃው ላይ የሚቀመጥበት አኳኋን ነው፤ ለዚህም ትሪም ታብ የሚባል፣ በሌላው ዓለም በትንንሽ ፈጣን ጀልባዎች ላይ የተለመደ ቀላል መሣሪያ አለ።

አስቀድሞ ስለ ሞተሩ አንድ ነገር መባል አለበት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው ሞተር እዚህ ሲሠራ የሚሰጠው 33 ገደማ ነው። ለባሕር ጠለል ተብሎ የተመረጠ ፕሮፔለር (ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋው ክንፍ) ደግሞ ለዚህ ለተዳከመ ሞተር ይከብደዋል፤ ጋዙ እስከ መጨረሻ ተሰጥቶትም አምራቹ ባዘዘው ዙር ላይ አይደርስም። ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባው ርቀት፣ በአንድ ወይም በሁለት ኢንች የሚያንስ ፕሮፔለር ቢቀየርለት በእያንዳንዱ ኢንች በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይመለስለታል። ይህ ከሞተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ወጪ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ስመለስ፣ ፈጣን ጀልባ ውኃውን እየገፋ ከመሄድ አልፎ ውኃው ላይ ወጥቶ መንሸራተት መቻል አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ደረጃ አስቸጋሪው ነው፤ ኋላው ይሰምጣል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ጀልባው ግን ያን ያህል አይሄድም። ባሕር ማዶ ይህ ደረጃ የጥቂት ሰከንዶች ጉዳይ ነው። በኛ ሐይቅ ግን ሞተሩ ጉልበት ስላነሰው፣ የቤንዚን በርሜሉም ሰውም ወደ ኋላ ስለሚከማች፣ ብዙ ጀልባ ከወደቡ ተነስቶ ዘጌ እስኪደርስ እዚያው ደረጃ ላይ እንደተንጠለጠለ ይጓዛል። ከቤንዚኑ ብክነት ይልቅ እኔን የሚያሳስቡኝ ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ጀልባ ትልቁን ሞገድ የሚያስነሳው በሙሉ ፍጥነት ሲንሸራተት ሳይሆን እንዲህ አፍንጫውን አንስቶ ሲያርስ ነው፤ ያ ሞገድ ደግሞ የሚያርፈው በደንገል ታንኳ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ መሪውን የያዘው ሰው ከፊቱ የሚያየው ሰማይና የጀልባውን አፍንጫ እንጂ ውኃውን አይደለም። ታንኳ ላይ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ ከውኃው እምብዛም ከፍ አይልም፤ ነጂው ከመቀመጫው ተነስቶ ካልቆመ በቀር ላያየው ይችላል።

ትሪም ታብ በጀልባው የኋላ ግድግዳ ግርጌ፣ ከሞተሩ ግራና ቀኝ በማጠፊያ የሚታሰሩ ሁለት ዝገት የማይዛቸው የብረት ሳህኖች ናቸው። ሳህኑ ወደ ታች ሲዘነብል ከጀልባው ሥር እየሸሸ የሚወጣውን ውኃ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ውኃውም በምላሹ ኋላውን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ አፍንጫውም ይወርዳል። ሞተሩን ራሱን በማዘንበል ይህን ማድረግ አይቻልም ወይ የሚሉ አሉ። በከፊል ይቻላል፤ ነገር ግን የሞተሩ ዝንባሌ ጀልባውን ፊትና ኋላ ብቻ ነው የሚያስተካክለው፣ የፕሮፔለሩንም ግፊት ከቀጥታ መስመሩ ያወጣዋል። ሁለት ወፍራም ሰዎች በአንድ ወገን ሲቀመጡ ጀልባው ጭነቱ እንደተዛባ አህያ ወደ ጎን ካዘነበለ ሞተሩ ምንም አይረዳም። ሁለቱ ሳህኖች ግን ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ፣ ጀልባው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የቀኙን ሳህን ዝቅ ማድረግ ያቃናዋል።

ገጠማው ላይ ጥንቃቄ ካልተደረገ መሣሪያው ከነአካቴው ባይገዛ ይሻላል። በስፋት የሚሠራበት የመጠን ልክ ለእያንዳንዱ ሜትር የጀልባ ርዝመት በየጎኑ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል የሳህን ስፋት ነው፤ የ6 ሜትር ጀልባ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ገደማ ይይዛል ማለት ነው። ሳህኑ ከጀልባው የጎን ጠርዝ ወደ ውስጥ 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከፕሮፔለሩ ደግሞ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ አለዚያ ፕሮፔለሩ የሚነክሰውን ውኃ ያናውጥበታል። ማጠፊያው ከጀልባው የታች ጠርዝ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ ከጠርዙ በታች ከወረደ ሳህኑ ተነስቶም ቢሆን ውኃውን እየጎተተ ጀልባውን ያዘገየዋል።

ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቀው ሳህኖቹን ለማሰር ስለሚበሱት ቀዳዳዎች ነው። በብዙ የፋይበር ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ ውስጥ የታሸገ እንጨት አለ። ለብሎን የተበሳው ቀዳዳ ኢፖክሲ የሚባለውን የሚደርቅ ሙጫ ካልጠጣና ብሎኑ ከውኃ በታች ለመዋል በተሠራ ማሸጊያ ካልታሰረ ውኃው ቀስ እያለ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፤ ከዓመታት በኋላም ሞተሩን የተሸከመው ግድግዳ እንደ ረጠበ ካርቶን ይለሰልሳል። የመታጠቢያ ቤት ሲሊከን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ይህን የምለው ሲደረግ ስላየሁ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚንቀሳቀስ የራሱ ፊውዝ ይኑረው። ከብረቱ ጋር የሚታሰረው የዝገት መከላከያም የዚንክ አይሁን፤ ዚንክ ለጨው ውኃ ነው፣ ለጣና የሚሆነው ማግኒዚየም ነው።

ያለ ባትሪና ያለ ሽቦ፣ የታመቀ ጋዝ ይዞ እንደ ሞላ በሚገፋ ዘንግ ብቻ የሚሠራ ርካሽ ዓይነትም አለ። በዝግታ ጊዜ ዘንጉ ሳህኑን ወደ ታች ይይዘዋል፤ ፍጥነት ሲጨምር የውኃው ግፊት ወደ ላይ ይመልሰዋል። አንድ ቤተሰብ ለሚይዝ ጀልባ መልካም ነው። ሰው አሳፍሮ ለሚሠራ ጀልባ ግን አልመክረውም፤ ነጂው በፈለገ ጊዜ ሊያነሳው አይችልምና።

ነጂው ሊያነሳው መቻል ያለበት ለምን እንደሆነ አጠቃቀሙን ያየ ይረዳል። ጀልባው ጉዞ ሲጀምር ሳህኖቹ ወደ ታች ይሆናሉ፤ ጀልባው ውኃው ላይ ሲወጣ በጥቂት በጥቂቱ ይመለሳሉ። ለውጡ ወዲያው ስለማይታይ ቁልፉን ነካ አድርጎ ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ ይገባል፤ ተጭኖ የሚቆይ ሰው አፍንጫውን ውኃ ውስጥ ይቀብረዋል፣ መሪውም ይከብደዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሞገዱ ከፊት ከመጣ፣ ሳህኖቹን ዝቅ አድርጎ ሹሉ አፍንጫ ሞገዱን እንዲሰነጥቅ ማድረግ ለተሳፋሪው ወገብ ትልቅ እፎይታ ነው። ሞገዱ ከኋላ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሳህኖቹ ወርደው ከቀሩ የኋላው ሞገድ ኋላውን ያነሳዋል፣ አፍንጫው የፊተኛው ሞገድ ጀርባ ውስጥ ይሰካል፣ ጀልባውም በድንገት ወደ ጎን ዞሮ ሊገለበጥ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሳህኖቹ ሙሉ በሙሉ መነሳት አለባቸው። ወደ ኋላ ሲነዳም እንዲሁ፤ የወረደ ሳህን ውኃውን በጀርባው ስለሚቀበል ማጠፊያው ይጣመማል፣ በእምቦጭ መካከል ከሆነ ደግሞ አረሙን እየሰበሰበ ይጎትታል።

ነጂዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ሞዴሎች ቁልፉ የሚያመለክተው የሚንቀሳቀሰውን ሳህን ሳይሆን የሚወርደውን የአፍንጫ ጎን ነው፤ የግራውን ቁልፍ ሲጫኑ የሚወርደው የቀኙ ሳህን ነው። ገጣሚው ይህን በአማርኛ ጽፎ መሪው አጠገብ ቢለጥፈው ጥሩ ነው፤ ግራ የተጋባ ነጂ በሞገድ መካከል ተቃራኒውን መጫኑ አይቀርምና።

ይህ ሁሉ ለማንኛውም ጀልባ ይሠራል ማለቴ አይደለም። ወደ ደቅ ደሴትና ወደ ጎርጎራ ሰውና ጭነት ይዘው በዝግታ የሚጓዙት ትልልቅ የብረት ጀልባዎች ውኃውን እየገፉ እንዲሄዱ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ ትሪም ታብ ምንም አይጨምርላቸውም፤ ለእነሱ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። የምናገረው ለመንሸራተት ተሠርተው መንሸራተት ስላቃታቸው ትንንሽ ጀልባዎች ነው።

ስለዚህ የጀልባ ባለቤቶች ማኅበራትና የቁጥጥር ሥራ ያለባቸው ክፍሎች ለትልቅ ሞተር ፈቃድ ወይም ብድር ከመነጋገራቸው በፊት፣ እያንዳንዱን ጀልባ በሙሉ ጭነቱ ሐይቁ ላይ አስነስተው እንዲያዩት በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ። በመጀመሪያ የቤንዚኑ በርሜልና የተሳፋሪው መቀመጫ ወደ ፊት ይሳቡ፣ ቀጥሎ ፕሮፔለሩ ይቀየር፣ ከዚያም ትሪም ታቡ ይገጠም። ነጂው ከመቀመጫው ሳይነሳ ከፊቱ ያለውን ውኃ ማየት ከቻለ በኋላም ጀልባው አዝጋሚ ከሆነ፣ ያን ጊዜ የሞተር ነገር ይነሳ።

ከአክብሮት ጋር
የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣ ከባሕር ዳር