ውጤት ይመዘን፣ ግዴታም ይከበር

ለአዘጋጁ፦

ስለ ሥነ ምግባር ፍልስፍና ያወጣችሁት ጽሑፍ ድርጊትን በውጤቱ የሚመዝነውን አስተሳሰብ «ግቡ ካማረ መንገዱ አያሳስብም» ከሚል አቋም ጋር አንድ አድርጎታል። ይህ ስህተት ነው። የዚህ አስተሳሰብ አራማጅ የነበረው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ያቀረበው ስሌት ደስታና ሥቃይ የሚቆዩበትን ጊዜ፣ የመድረስ ዕድላቸውንና የሚነኳቸውን ሰዎች ብዛት ጭምር ይጠይቃል። አንድ ጤነኛ ሰው ገድሎ በአካል ክፍሎቹ አምስት ሕመምተኞችን ማዳን አራት ነፍስ ያተረፈ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት መግባት የሚፈራው ሕዝብ ግን በሒሳቡ አልገባም። ስሌቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ቅርቡን ቆጥሮ ሩቁን ይረሳል።

ድርጊቱ በምስጢር ቢፈጸምስ? ፍርሃቱ አይኖርም፣ በደሉ ግን በደል ነው። ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ መጠቀም አይገባም የሚለው የጀርመናዊው ፈላስፋ የካንት ክርክር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ካንት ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1797 ወዳጅን ሊገድል ለሚፈልግ ሰው እንኳ መዋሸት አይፈቀድም ብሏል፤ ይህን መቀበል ይከብደኛል።

በቀጣዩ እትም አንድ ጉዳይ ብቻ መርምሩ፦ አንድ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ ሁለት ሕመምተኞች፣ አንዱ ለ3 ቀን ሌላው ለ3 ሳምንት የሚፈልጉት። መጀመሪያ የማን መብት እንደሚጣስ ጠይቁ፤ ውጤቱን የምትቆጥሩት ከዚያ በኋላ በቀሩት አማራጮች ላይ ይሁን።