ቅዳሜ ደም ልንለግስ ስለምንሄድ

ሰላም ቤተሰብ፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት አራት ኪሎ ተገናኝተን አብረን ነው የምንሄደው። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር በዛውም ኤችአይቪ እመረመራለሁ ስትሉኝ ደነገጥኩ። እባካችሁ ለምርመራ ብላችሁ አትለግሱ! የሚለገሰው ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ቫይረሱ ገና በገባ ሰሞን ምርመራው ላይ ላይታይ ይችላል፣ ሰውየው ኔጌቲቭ ይባልና ደሙ ግን ሌላ ሰው ላይ ያስተላልፋል፣ ያ ሰው ደግሞ ስትወልድ ደም የፈሰሳት እናት ወይ ካንሰር የያዘው ትንሽ ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስለ ወሲብ ስለ ንቅሳት ስለ መርፌ ሲጠይቋችሁ አፍራችሁ አትዋሹ በናታችሁ። ጥርጣሬ ያለበት ሰው ከልገሳው ይቅርና ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፣ ለምን ቀረህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ እኔም አልጠይቅም።

የምትመጡት ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ከ45 ኪሎ በላይ፣ ቁርስ በልታችሁ ውሃም በደንብ ጠጥታችሁ። ከለገሳችሁ 3 ወር ያልሞላችሁ ለሚቀጥለው ዙር። ስልክ ቁጥራችሁን በትክክል ጻፉ፣ ውጤቱ ላይ የሆነ ነገር ካለ እንዲያገኟችሁ።