የዓለም ዋንጫው ዘፋኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽንስ ተሻለሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ ስለ ዘፋኙ ሪኪ ማርቲን ስናወራ «እሱማ በዓለም ዋንጫ ጊዜ ድንገት ብቅ ያለ ልጅ ነው» ብለሽኝ፣ መልሴን ሳልነግርሽ መስመሩ ተቋረጠ። እማዬ፣ እንዲያ ተብሎ እንዲቀር ልቤ አልፈቀደም።

የፖርቶ ሪኮ ልጅ ነው። ሜኑዶ የሚባለውን የታዳጊ ወንዶች የሙዚቃ ቡድን የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ1984፣ ገና በ12 ዓመቱ ነበር፤ ያውም ቁመትህ አጭር ነው ተብሎ ከተመለሰ በኋላ። የቡድኑ ደንብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ልጁ ሲጎረምስ ይወጣ ነበር፤ በቦታው ሌላ ታዳጊ ይገባ ነበር። ሕዝቡ የሚወደው የቡድኑን ስም ስለነበረ የሚወጣው ልጅ በራሱ ስም እንደገና ከዜሮ ይጀምር ነበር። ሪኪ በ1989 ሲወጣ 17 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ሜክሲኮ ሄዶ በቲያትርና በቴሌቪዥን ድራማ ተወነ፤ በ1991 የመጀመሪያ የግል አልበሙን በስፓኒሽ አወጣ። አንቺ ያየሽው የዓለም ዋንጫ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚነካኝ ግን የሮቢ ሮሳ ነገር ነው። ሮሳ በሜኑዶ አብሮት የዘፈነ ልጅ ነበር። ያ በ1998 አንቺም የምታንጎራጉሪው የነበረው የሪኪ የዓለም ዋንጫ ዘፈን ከደራሲዎቹ አንዱ እሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪካ አምስት ሳምንት በአንደኝነት የቆየውን «ሊቪን ላ ቪዳ ሎካ»ንም ከዘፈን ደራሲው ዴዝመንድ ቻይልድ ጋር የጻፈው እሱ ነው። ሁሉም «ብቻውን ወጣ» የሚሉት ሰው የልጅነት ባልደረባውን ይዞ ነው የወጣው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዘፈኖቹን የምሰማበት ጆሮ ተለውጧል።

ሪኪ በየካቲት 1999 በግራሚ የሙዚቃ ሽልማት መድረክ ላይ ያንኑ የዓለም ዋንጫ ዘፈን ተጫወተ። አዳራሹ ሙሉ ታዋቂ ሰው ነው፤ ብዙዎቹ ስፓኒሽ አይሰሙም። ከበሮውና ጥሩምባው ሲጋጋል ግን መቀመጫው ላይ የቀረ አልነበረም፤ ቆመው አጨበጨቡለት። የእንግሊዝኛ አልበሙ ገና አልወጣም ነበር። ለእኔ ትልቁ ቀኑ ያ ነው፤ ከኋላ የመጣው ዝና ሁሉ አይበልጥብኝም።

ቅጂውን በእህቴ ስልክ ልኬልሻለሁ፤ በሜኑዶ ዘመን የዘፈነውንም ጨምሬበታለሁ። መጀመሪያ የልጅነቱን፣ ቀጥለሽ የግራሚውን እዪ። እሁድ ስደውል የትኛው እንደበለጠብሽ ትነግሪኛለሽ።

የምትወድሽ ልጅሽ