ዝም እንዳትዪብኝ

ልጄ፣ የኔ እናት፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ድሬ ሙቀቷ ብሶባታል፣ ሌሊት ግቢ አንጥፈን ነው የምንተኛው።

ትናንት አክስትሽ ከፍራንክፈርት ደወለች። መጀመሪያ ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ዳር ዳር ማለት ጀመረች። ነገር እንዳለ ገባኝ። የጀርመንኛ ፈተናውን ከወደቅሽ ወዲህ ክፍል መግባት ትተሻል አሉ። የምትጠብቂያቸውን ልጆች ካስተኛሽ በኋላ በርሽን ዘግተሽ እስከ እኩለ ሌሊት የአማርኛ ድራማ ታያለሽ አሉ። ዳቦ ቤት እንኳ በጣትሽ ጠቁመሽ፣ ከፍለሽ ትወጫለሽ አሉ።

ድራማው ምንም አይደል። ያ ጣትሽ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ልጄ፣ ዝም እንዳትዪ።

ፈተናው ይሄን ያህል አልነበረም። ቢ-1 የሚባለው ደረጃ ፈተናው አራት ክፍል አለው ያልሽኝ አንቺው ነሽ፤ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍ፣ መናገር። የእያንዳንዱ ማለፊያ ከ100 60 ነው። ሦስቱን አልፈሻል። የወደቅሽው መናገሩን ብቻ ነው፣ እሱንም ለብቻው ደግሞ መፈተን ይቻላል። ሦስት እንጀራ አውጥታ አራተኛው ስላረረባት ምጣዱን የምትሰብር ሴት አይቼ አላውቅም።

ደግሞስ ቋንቋ የከበደው አንቺን ነው? አንቺን? ስድስት ዓመት ሳይሞላሽ በሶማሊኛ ትጣዪ ነበር እኮ። ማን አስተማረሽ? ደብተር የለ፣ አስተማሪ የለ። ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ስትዘዪ ነው የገባሽ። "ኮው፣ ለባ፣ ሰደሕ" እያላችሁ ትዘላላችሁ፣ ቁጥሩን የሳተ ከገመዱ ይወጣል። ተራሽ እንዳያልፍብሽ ብለሽ እስከ መቶ ለቀምሽው። ኦሮምኛውንም ቀፊራ ገበያ ይዤሽ ስሄድ ነው ያነሳሽው። ማንጎ ሻጮቹ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ" እያሉ ሲቆጥሩልኝ አብረሽ ትቆጥሪ ነበር። እነሱም ደስ ይላቸውና አንድ ማንጎ ምርቃት በእጅሽ ያስይዙሻል። ማንጎውን ፈልገሽ ነበር፣ ቋንቋው ተከትሎ መጣ።

አሁንም የጎደለሽ ጭንቅላት አይደለም፣ ገመዱ ነው። የምትጠብቂያቸው ሁለት ልጆች አሉልሽ አይደል? መሬት ቁጭ ብለሽ አብረሻቸው ተጫወቺ። ስትሳሳቺ ያርሙሻል፣ ወዲያው ረስተው ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። ሕፃን ልጅ ቂም አይዝም።

የጀርመንኛው ግስ መጨረሻ ላይ እየሄደ አስቸገረኝ ያልሽኝ ቀን ገርሞኝ ነበር። የኛስ ግስ የት ነው የሚቀመጠው? "ዳቦ ስለገዛሁ" ስንል መግዛቱ መጨረሻ ላይ አይደል? አንቺ ከቤትሽ ይዘሽው የሄድሽው ነገር ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዚህ በፊት ነግሬሽ አላውቅም።

አያትሽ ምድር ባቡር ሲሠራ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ እንደነበር ታውቂያለሽ። ለገሃር የሚለውም ከዚያ የቀረ ቃል ነው። አባቴ ማታ ራት ላይ ዳቦ በፈረንሳይኛ ካልጠየቅነው አይሰጠንም ነበር። እኔ ያን ጨዋታ እወደው ነበር። አንድ ማታ እንግዶች መጡ። "ለ ፓን" ማለት ሲገባኝ "ላ ፓን" አልኩ። አንቺ የቃሉ ጾታ ጠፍቶሽ ዴር፣ ዲ፣ ዳስ እያልሽ እንደምትሰቃዪበት ያለች ትንሽ ስሕተት ናት። ግን ላፓን ጥንቸል ማለት ነው። እንግዶቹ "ጥንቸል አምጡላት!" ብለው ሳቁ። አባቴም ሳቀ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ማታ ጀምሮ አፌን ዘጋሁ። አባቴ ብዙ ቀን ዳቦውን በእጁ ይዞ ጠበቀኝ። እኔ ዝም። ኋላ እሱም ዝም ብሎ ያቀብለኝ ጀመር።

ሊሞት ሰሞን ትኩሳቱ ሲበረታበት ሥራ ላይ ያለ እየመሰለው በፈረንሳይኛ ያወራ ነበር። አንድ ሌሊት እጄን ይዞ አንድ ነገር ደጋግሞ አለኝ። "እሺ አባዬ፣ እሺ" እለዋለሁ። ምን እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዝም እንዳትዪ ልጄ። እለምንሻለሁ።

አሁን ስሚኝ። ሰኞ ክፍል ትገቢያለሽ። ሰበብ አልሰማም። ድራማሽን እዪ፣ ግን ከሱ በፊት ያ አያትሽ ማታ ማታ በአማርኛ ይሰማው የነበረው የጀርመን ሬዲዮ፣ ዶይቸ ቬለ፣ በጀርመንኛ ቀስ ብሎ የሚያነበው ዜና አለ፤ አሥር ደቂቃ ስሚና ጮክ ብለሽ ድገሚው። በሹክሹክታ አይደለም፣ ጮክ ብለሽ። የመልሶ ፈተናውን ገንዘብ አክስትሽ ትከፍላለች፣ እኔና እሷ እንተሳሰባለን። በርበሬና ሽሮ በሰው እልክልሻለሁ፤ በርበሬውን ፍሪጅ አስገቢው። ቁርስ ሳትበዪ አትውጪ። ከስተሻል ብላኛለች አክስትሽ፣ ያንንም ደብቀሽኛል።

ነርስ እሆናለሁ ብለሽ ነው የሄድሽው። እዚያ አልጋ ላይ የሚተኙት ሰዎች እጅሽን ይዘው አንድ ነገር ይሉሻል። የሚሉሽ እንዲገባሽ እፈልጋለሁ።

ነገ ጠዋት ዳቦ ቤት ሂጂ። እጅሽን ኪስሽ ክተቺና በአፍሽ ጠይቂ። ዴርም በዪው ዳስ፣ ብቻ ጠይቂ። እሁድ ስትደውዪ ሴትዮዋ ያለችሽንና አንቺ የመለስሽላትን በጀርመንኛ ትነግሪኛለሽ። ባይገባኝም እስከ መጨረሻው እሰማሻለሁ።

እናትሽ